ዋና በር፦ ላልቶ ወይስ ጠብቆ?

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ላውራችሁና ይውጣልኝ። ጥር መጀመሪያ ላይ በዚህ ዓምድ ስለ ከተማችን ዳር ሰፈሮች ስጽፍ፣ ከወንዙ ማዶ ስላለው ስለ ዋና በር ሰፈርም ሁለት አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከድሮው የጡብ ፋብሪካ ዋና በር ነው አልኩ። በዚህ ባቆም ምን ነበረበት? "ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡት፤ አላልተው ከውሃ ዋና ጋር የሚያገናኙት ሰዎች ፊደል የቆጠሩ አይመስሉኝም" ብዬ ጨመርኩበት። ይህን ስጽፍ የት ነበርኩ? ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ። ሰፈሩን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱንም እያንቀላፋሁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጸሐፊ እጅ ከሁለቱም ይብሳል።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ሴትዮ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ትከሻቸው የበር ያህል ሰፊ ነው፤ ጸጉራቸው ገና አልደረቀም። ወንበር ሳይዙ፣ "ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። ሰፈሩ እትዬ ዳክዬ ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዋና በርን ሕጻናት ዋና ያስተማሩ ናቸው፤ የሰፈሩ ስም ከተጻፈበት አሮጌ ሰሌዳ ሥር፣ ውሃው ከልጅ ወገብ በማያልፍባት ዳርቻ። ከእሷ በቀር ዳርቻው ሁሉ ድሮ ለጡብ ጭቃ ሲባል የተቆፈረ ገደል ነው። አሁን የፋብሪካውን ቦታ የገዙ አንድ ባለሀብት፣ ያቺን ዳርቻ ጨምረው ሊያጥሩ ለመሬት ጽሕፈት ቤት አመልክተዋል። ሰሌዳው የፋብሪካው ዋና በር የነበረበትን ቦታ ካመለከተ፣ ቦታውም የፋብሪካው ነው ባይ ናቸው። ማስረጃ ብለው ካያያዟቸው ወረቀቶች ሦስተኛው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔው ጽሑፍ።

እትዬ ዳክዬ ሲወጡ አንድ ነገር ነገሩኝ። ሰሌዳውን የጻፉት ሰውዬ በሕይወት አሉ፤ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ጻፍኩላቸው። የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን አላሳያችሁም፤ ግማሹ ይቅርታ ነው፣ ግማሹ የጥያቄ መዓት። የቀሩትን ግን በእሳቸው ፈቃድ እነሆ።

---

የካቲት 2

ይድረስ ለመጽሔቷ ጸሐፊ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ልጄ ፎቶሽን አይታ "ከእኔ ታንሳለች" ብላኛለች። ፎቶው የቆየ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ጥያቄሽ ብዙ ነው፤ የቻልኩትን ልመልስ። አዎ፣ ማዶ ያሉትን የሰፈር ሰሌዳዎች አብዛኞቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ስጽፍ ደግሞ ስሙ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ ብሩሽ አላነሳም ነበር። ጸባዬ ነው፤ ወሬ እወዳለሁ። አንቺም ሳትወጂ አትቀሪም።

ገመድ ሰፈር መንገዱ ለምን እንደዚያ ቀጥ እንዳለ ጠይቀሻል። የጀልባ ገመድ ስለሚገመድበት ነዋ። አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው እየገመደ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ይውላል። አንድ ሰው ቤቱን ትንሽ ወደ መሃል ገፋ ካደረገ ገመዱ አጠረ ማለት ነው፤ ጎረቤት ዝም አይለውም። ገመደኞቹ አልቀዋል፣ መንገዱ ግን ዛሬም እንደተወጠረ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ወደፊት ሲሄድ ይደናቀፋል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ማን ብሎት እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ሰባራ ጡብ የሚለው ስምም ስድብ እንዳይመስልሽ። ፋብሪካው እሳት ያጣመመበትን ጡብ ውጭ ይጥለዋል። ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ሁለት ሁለት እያነሳ ቤት ሠራበት። ለዚህ ነው የሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ እርጉዝ የመሰለው። እዚያ ሰፈር መስታወት ብትሰቅይ ራስሽን ሳይሆን ጣሪያውን ነው የምታይው።

ፊት አዙር ደግሞ ኩርፊያ ነው። ወንዙ ዳር ቆዳ ፋብሪካ ነበር፤ ሽታው ሰው ስለገደለ ቤቶቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለወንዙ ሰጥተው ተሠሩ። ፋብሪካው ተዘግቶ ውሃው ከጠራ ስንት ዘመኑ፤ አንድም ሰው ወደ ወንዙ መስኮት አላወጣም። አንዱን ጠይቄው "አባቴ ያልታረቀውን እኔ ምን ቤት ነኝ" ብሎኛል።

ስለ ዋና በር የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም፤ ወረቀት አልቆብኝ ነው።

እጄ አሁንም አይንቀጠቀጥም፤ ከመስመሩ ታይዋለሽ። እውነቱን ለመናገር ያህል፣ በአርባ ዓመት ሥራዬ አንድ ፊደል ገደፈ ተብዬ አላውቅም።

ሰላም ሁኚልኝ።

ሰሌዳ ጸሐፊው

---

የካቲት 9

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ። ፎቶው የአሥር ዓመት ነው፤ ይህን በመካከላችን ያድርጉት።

ወረቀት አለቀብኝ ያሉትን ደብዳቤ ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ነጭ ነው። ጋሼ፣ በሞቴ።

በማግስቱ በላኩት ቁራጭ ወረቀት "ይህች ዳክዬ የምትሏት ማን ናት፣ ምኗ ተነካ" ብለው ጠይቀውኛል። እሱን እነግርዎታለሁ፤ ምናልባት የእኔን ጥያቄ ለመመለስ ይረዳዎት ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩ። የተንጋደዱትን የድንጋይ ደረጃዎች ወርጄ ዳርቻው ስደርስ ሦስት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ ጀመሩ።

"ያቻትላችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡ ያለችን መጣች።"

"ጫማዋን አያችሁት? ይህ ጫማ ወንዝ አይቶ አያውቅም።"

"ግድ የለም እህቴ፣ ላላ በዪ" አለችኝ ሦስተኛዋ፤ "እዚህ ጠበቅ ያለ ሰው ይሰጥማል።"

ምን ልበል? ጫማዬን አወለቅሁ።

እትዬ ዳክዬ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመዋል። አሥራ ሁለት ልጆች በተርታ አንዳንድ እጃቸውን ደረጃው ላይ አድርገው እግራቸውን ይመታሉ። "አንገትህን ላላ። ላላ በል ስልህ ለምንድን ነው እንደ ሙሽራ የምትደርቀው?" ይላሉ። አንዷን ልጅ በመዳፋቸው ከጀርባዋ ደግፈው እያወሯት፣ መቼ እጃቸውን እንደወሰዱ ሳታውቅ ተንሳፈፈች። እኔም ሳላውቅ አጨበጨብኩ። አጣቢዎቹ ሳቁብኝ።

ከዚያ እትዬ ዳክዬ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። "እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እህቴ ዘጠኝ" አሉኝ። "ያን ጊዜ እዚህ ማንም አያስተምርም። ከላይ ያለው የጭቃ ጉድጓድ ውሃ ሞልቶ ጠርቶ አየችውና ገባች። ጥልቅ ይሁን አይሁን ከላይ አይታወቅም። እስካሁንም አይታወቅም። ይህችን ቦታ ካጠሩብኝ ልጆቹ ከወንዝ አይቀሩም፤ ጉድጓዱ ጋ ነው የሚሄዱት።" ይህን ሲሉ ልጆቹን እየቆጠሩ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው።

የጽሕፈት ቤቱ ሹም መጋቢት 20 ይወስናሉ። ባለሀብቱ የእኔን ጽሑፍ ይዘዋል፤ የሰፈሩ ሰው "አባቶቻችን እንዲህ ብለው ያነቡት ነበር" ከማለት ሌላ የያዘው የለም። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቂያና ማላሊያ ምልክት የለውም። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲያጽፉዎት ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?

ከአክብሮት ጋር፣

ያቺው ጸሐፊ

---

የካቲት 19

ልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ሴትዮዋ እህት ያነበብኩትን ሁለተኛ አላነበብኩትም።

ተዪኝ። የማውቀውን ብነግርሽ አጥሩ ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። ዝም ብል ይሻላል። ሽማግሌ ረሳ ቢባል ማን ይፈርዳል?

ስለ ጀልባ ተራ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን።

ሰሌዳ ጸሐፊው

(ከሥሩ በሌላ እጅ) እህቴ፣ እኔ ልጁ ነኝ። አባዬ ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ ምግብ አይወስድም። ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየጻፈ በእጅጌው ያጠፋል። ምንድን ነው ስለው "አንቺ አይገባሽም" ይለኛል። እኔ እንኳ ሃምሳ ዓመቴ ነው፤ መቼ ነው የሚገባኝ? እባክሽ ሌላው ቢቀር ሰሌዳው ዛሬ ምን እንደሚመስል ጻፊለት። እሱን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ለአንቺ እንዳይጽፍ ግን ኩራቱ ይዞታል።

---

የካቲት 26

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱ? ይቅርታ ልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ያንን ጥያቄ አላነሳብዎትም። ምግብዎን ይብሉልኝ፤ ልጅዎ እንደነገረችኝ አይንገሯት።

ሰሌዳው ግን አለ፤ ደህና ነው። ከደረጃው አናት ላይ በሁለት የእንጨት ምሰሶ ቆሟል። ጣውላው ርዝመቱ ሰው ቢተኛበት ይተርፋል። መደቡ ነጭ ነው፤ የሰፈሩ ሰው በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲል ኖራ ይቀባዋል፣ ፊደሎቹንም በጥቁር ቀለም ያድሳቸዋል። ፊደልዎ ያምራል። የ"ዋ" እግር ላይ ያደረጓት ቅጥያ እስካሁን አለች፤ ልጆቹ መጻፍ ሲለማመዱ እሷን ይቀዳሉ አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ሙያውን ስለማላውቅ ነው። ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተጨናንቀዋል፣ በስተቀኝ በኩል ግን ጣውላው ሁለት ክንድ ያህል ባዶውን ቀርቷል። መሃል ላይ ቢያደርጉት አያምርም ነበር? ድፍረት ከሆነ ይለፉኝ።

ሰላምታ ለልጅዎ።

---

መጋቢት 4

ባዶ? ባዶ ነው ያልሽኝ?

ሰላምታውን እመለስበታለሁ። ልጄ ሆይ፣ እኔ ጣውላ መሃል ላይ መጻፍ የማላውቅ ሰው ነኝ? ባዶ አይደለም። ቀስት ነበረበት። ቀይ ቀስት። እኔ እኮ ቀስቱን ሁላችሁም የምታዩት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ከአንዱ ውርደት አንዱ ይሻላል፤ ስሚኝ።

የዚያን ጊዜ ድልድይ አልነበረም። በከተማው በኩል የሚኖረው ሠራተኛ ጀልባ ሲያመልጠው ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ በዋና ይሻገርና በዚያች ደረጃ ይወጣል። ሲወጣ የፋብሪካው የጀርባ ግንብ ነው የሚገጥመው። አንዳንዱ በግንቡ ይዘላል፤ አንዳንዱ ልብሱን እዚያው ግንብ ሥር ይለብሳል። ዘበኛው ተማረረ። በሩ ከላይ በኩል፣ በካሚዮን መንገዱ ነው። እኔ ዘንድ መጣና "ዋናው በር በዚያ በኩል ነው ብለህ ጻፍልኝ። ማንበብ የማይችለውም እንዲያውቅ ቀስት አድርግበት። ቀስቱ ትልቅ ይሁን" አለኝ።

ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር። ቀስቱ ትልቅ ይሁን ስላለኝ ቀስቱን አስቀድሜ ሳልኩት። ልጄ፣ በእኛ ሙያ ፊደል ሳይቆጥሩ ሥዕል መጀመር የጀማሪ ሥራ ነው። መጀመሪያ ትቆጥሪያለሽ፣ በእርሳስ ቦታ ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ነው ቀለም። እኔ ቀለሙን አንቲረስት ስላደረግሁት ልፍቀውም አልቻልኩም፤ የፋብሪካው ቀለም ነው፣ ብረት የሚቀባበት። ከግራ ተነስቼ "ዋናው በር" ብዬ ልጽፍ ስለካው የአንድ ፊደል ቦታ አነሰኝ። አጠጋጋሁት፣ አሁንም አነሰኝ። "ው"ን ጣልኩት።

"ዋና በር" ሆነና ቆመ። ዘበኛው ፊደል አይለይም፤ ቀስቱን አይቶ "ጎሽ" ብሎኝ ሄደ። ዋኝቶ የሚወጣው ሰው ደግሞ አነበበው። ላልቶ አነበበው። ምን ያድርግ? ጸጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ "ዋና" የሚል ሲያይ ስለ እሱ የተጻፈ ነው የሚመስለው። በዓመቱ ሰፈሩ ሁሉ በዚያ ስም ይጠራ ጀመር። የቀጠርኳቸውን ልጆች ፊደል ገደፋችሁ ብዬ ስቆጣ፣ በልቤ ያቺ ጣውላ ትመጣብኛለች። የሰፈር ስም በእኔ ግድፈት ወጣ ብዬ ለማን ልናገር?

አንቺ የጻፍሽው ጠብቆ ነው፤ ልክ ነሽ። ይህን ብናገር ሰውዬውን የምረዳው መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን ባዶ ስትይኝ ተነስቼ ቆምኩ። ቀስቱ ከሌለ ጣውላው "በሩ እዚህ ነው" የሚል ይመስላል። ቀስቱ ካለ የሚለው ሌላ ነው፤ "በሩ እዚህ አይደለም፣ ወደዚያ ሂድ" ነው የሚለው። የበሩ ቦታ የካሚዮን መንገዱ ነው። ደረጃው የፋብሪካው ሆኖ አያውቅም፤ ከግንቡ ውጭ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ኖራ ሲቀባ ቀዩን እድፍ ብሎት ይሆናል የሸፈነው። ኖራን ውሃ ያስለቅቀዋል፤ አንቲረስት ግን ጣውላው እስኪበሰብስ አይለቅም። ነገር ግን አንቺ ብቻሽን እንዳትነኪው። እጅሽን አስገባሽ ይሉሻል። ሹሙ ራሳቸው ቆመው፣ በሳሙናና በጨርቅ፣ ከቀኝ ጠርዝ ተጀምሮ ይታጠብ። ቃሌን በፊርማዬ አድርጌ ለብቻው አያይዤልሻለሁ። የ"ው"ንም ነገር ጽፌበታለሁ። ያንብቡት፤ ምን ይሆናል።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ዛሬ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ።

ሰሌዳ ጸሐፊው

---

መጋቢት 21

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፦

ጤናዎን ሳልጠይቅ ወሬውን ብጀምር ይቅር ይበሉኝ፤ ደብዳቤው ሌሊት ለሚነሳው አውቶቡስ እንዲደርስ ነው።

ሹሙ መጡ። ቀጭን፣ ኮታቸው የተተኮሰ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። የባለሀብቱ ወኪልም ፋይል ታቅፎ መጣ። ሰፈሩ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተሰልፏል። እትዬ ዳክዬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ባልዲውን ሲያነሱ ሹሙ "እርስዎ ባለጉዳይ ነዎት" አሏቸው። እኔ ብድግ ስል፣ "እርስዎማ ማስረጃ ነዎት" አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ የጽሕፈት ቤቱ ሾፌር መሰላል ላይ ወጣ። "ቤቴ እንኳ አጥቤ የማላውቀውን እዚህ ያሳጥቡኛል" እያለ።

ኖራው ወተት መስሎ ወረደ። መጀመሪያ ምንም የለም። እትዬ ዳክዬ ጣውላውን አላዩም፤ ወንዙን ነበር የሚያዩት። ሾፌሩ ጨርቁን ቀይሮ እንደገና ሲያሽ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ አለች።

"ዝገት ነው" አለ ወኪሉ።

"ጣውላ ላይ?" አለች ያቺ ላላ በዪ ያለችኝ አጣቢ፤ "ወንድሜ፣ እንጨት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚዝገው?"

ከዚያ ነጥቧ ረዘመች፣ ጫፉ ሰፋ፣ ቀስቱ ሙሉውን ወጣ። ጋሼ፣ ትልቅ ነው። ዘበኛው ጎሽ ያለው ወዶ አይደለም።

ሹሙ የእርስዎን ቃል ጮክ ብለው አነበቡ። የ"ው" ቦታ ላይ ሲደርሱ ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ብቻ "ታዲያ ስንዋኝ የኖርነው በስህተት ነው?" አሉ። ሹሙ ቀስቱ ወዳመለከተበት መራመድ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልን። እርምጃ እየቆጠሩ ሄደው ሄደው የአንዲት ልብስ ሰፊ ግቢ ገቡ። ከማድቤቷ ግድግዳ ውስጥ አንድ ወፍራም የጡብ ዓምድ ወጥቷል፤ የበር ማጠፊያው ብረት እንዳለ ነው። ሴትየዋ ፎጣ ሰቅላበታለች። "እኔ ተረት መስሎኝ ነው እንጂ" አለች፣ "የቤቱ ሻጭ 'ይህ ዓምድ የፋብሪካ በር ነበር' ብሎኝ ነበር። ዋጋ ለመጨመር የሚቀባጥር ነበር የመሰለኝ።" ሹሙ ማጠፊያውን በእጃቸው ዳሰሱት። ፎጣውንም መልሰው ሰቀሉላት።

ውሳኔው ዳርቻዋና ደረጃዋ ከአጥሩ ውጭ ይሁኑ የሚል ነው። ሦስተኛው አባሪ ደግሞ ከመዝገቡ ይውጣ ተብሏል፤ ሲነበብ ጫማዬን አየሁ። ባለሀብቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ወኪላቸው ይላሉም አይሉምም ሳይለን ሄደ።

እትዬ ዳክዬ ምን አሉ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ከነቀሚሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እስከ መሃል ዋኙና ተመለሱ። ሲወጡ፣ "ነገ ስንት ልጅ ነው ያለኝ?" ብለው አጣቢዎቹን ጠየቁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጠብ ተነስቷል። ሰሌዳው ታጥቦ ግማሹ ተልጧል፤ እንደገና መጻፍ አለበት። ግማሹ ሰው "ው ይጨመር፣ ይግባኝ ቢመጣ ማስረጃችን ይጠንክር" ይላል። ግማሹ "ስማችንን ማንም አይነካውም" ብሎ አኩርፏል። እትዬ ዳክዬ "ፊደሉን ተዉት፤ አነባበቡን እኔ አስተምራለሁ" አሉ። ጠቡን ማን ይፈታዋል ሲባል ሁሉም በአንድ ቃል የጻፈው ሰውዬ አሉ። መንገዱ እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ግን ይመጣሉ?

ያቺው ማስረጃ

---

መጋቢት 29

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፣ እኔ ደግሞ ሦስተኛ። ፎጣው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ሽማግሌው ያሉት ላይ ስደርስ ግን አልሳቅሁም። ለእሳቸው መልስ አለኝ፤ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

እመጣለሁ። ልጄ ጉልበትህ ብላ ጮኸች፤ ጆሮዬ ደካማ ስለሆነ አልሰማኋትም። ብሩሾቼን አጥቤአለሁ። መሰላል አዘጋጁ፣ የሚይዘውም ሰው ይኑር።

"ው" ይጨመር ለሚሉት ንገሪያቸው፣ ቦታው ያኔም አልነበረም ዛሬም የለም። ቀስቱን ጠበብ እንዳላደርገው ማስረጃ ሆኗል፤ እሱን ብነካው ሹሙ እኔን ያስሩኛል። አይጨመር ለሚሉትም ደግሞ ገና ምንም እንዳልወሰንኩ ንገሪያቸው። ጣውላው ፊት ስቆም አውቀዋለሁ።

ለሴትዮዋ ሰላምታ አድርሺልኝ። አንድ ነገር አስቀድመሽ ንገሪያት። እኔ ከወንዝ ዳር ተወልጄ፣ የዋናን ሰፈር ስም ጽፌ፣ በሕይወቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። በጀልባ ነበር የምሻገረው። በዚህ ዕድሜዬ ላስተምርህ እንዳትለኝ።

ሰሌዳ ጸሐፊው

---

ሰላምታቸውን አደረስኩ። እትዬ ዳክዬ ደብዳቤውን ተቀብለው የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አነበቡና፣ "ጉልበት ለታመመ ሰው ከውሃ የተሻለ መድኃኒት የለም" ብለው ወደ ልጆቻቸው ተመለሱ። እኔ በዚህ አልገባም።

ጋሼ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተራ ይደርሳሉ። መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የሰፈሩ ሰው በአንድ ድምፅ መርጦኛል፣ ለክብር ይሁን ለቅጣት አልጠየቅሁም። ጣውላው በነጭ ቀለም ተቀብቶ እየደረቀ ነው፤ ቀስቱ ብቻ ሳይነካ ቀርቷል። ሁለቱም ወገኖች ከአሁኑ ደረጃው ላይ ቦታ ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ በርጩማ አምጥተዋል። የባለሀብቱ የይግባኝ ቀን የሚያልቀው ጋሼ በደረሱ በሰባተኛው ቀን ነው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የገባ ወረቀት የለም፤ ሾፌሩን በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። ይግባኙ መጣ አልመጣ፣ ለሽማግሌው የተሰጣቸው መልስ ምን እንደሆነ፣ በጣውላውም ላይ ምን እንደተጻፈና ቆመው ያዩት ሰዎች እንዴት አድርገው እንዳነበቡት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ እዚሁ ታገኙታላችሁ።